ፈረሰ ነዳያን

ድልድዬ መፍረሱን የነገረኝ በዚያው ድልድይ ላይ ተሻግሮ የመጣ ሰው ነው። በላቸው ይባላል፤ የይጁቤ እህል ነጋዴ ነው። በማለዳ አምስት አህያ ጤፍ ጭኖ ጥቁር ውኃን ተሻግሮ፣ ደብረ ማርቆስ ገበያ ደርሶ፣ ጭነቱን አራግፎ ሲያበቃ ወደ እኔ መጣና ባርኔጣውን አወለቀ። ድልድይህ ፈረሰ ሲሉ ሰማሁ፣ እግዜር ያጽናህ አለኝ። ታዲያ አንተ በምን ተሻግረህ መጣህ ብዬ ብጠይቀው፣ በድልድዩ አለኝ። ትንሽ አሰበና፣ እኔ እንጃ፣ ከአዲስ አበባ በወረቀት መጥቷል ነው የሚሉት ብሎኝ ሄደ።

ያገራችን ሰው እንዲህ ነው። አምስት አህያ የተሸከመለትን ድንጋይ ትቶ ማኅተም የተመታበትን ወረቀት ያምናል። በላቸውን ግን አልተቀየምሁትም። ከልቡ አዝኖልኝ ነበር፤ በዚያ ሳምንት ቀርቦ ያናገረኝም እሱ ብቻ ነው።

ወረቀቱ ለእኔም ደርሶኝ ነበር። ጊዜው የ1963 ዓ.ም. ነሐሴ ነው። በዚያ ዓመት መንግሥት ከውጭ አገር ባንክ ተበድሮ በጎጃም አዳዲስ መንገዶች ሊያወጣ ተነሥቶ ነበር። ከደምበጫ በታች ባለ አንድ ወንዝ ላይ የድንጋይ ድልድይ እንዲሠራ ጨረታ ወጣ፤ እኔም ገባሁበት። የልጅነት ጉልበቴን የጨረስሁት በድንጋይ ነው። ጣሊያን በነበረበት ጊዜ ከአንድ ግንበኛቸው ሥር ሆኜ ቅስት ማዞር ተማርሁ፤ እነሱ ሲሄዱ ሙያው እኔ ዘንድ ቀረ። በማርቆስ ዙሪያ እንዲህ ያለውን ሥራ የሚችል ሌላ ሰው አልነበረም፤ ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፣ ቢኖርማ አብሮኝ የሚያወራ አገኝ ነበር።

የመንገዱ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ አጭር ናት። «ከዚህ ቀደም የሠሩት ድልድይ መፍረሱ ራስዎ ካቀረቡት ማስረጃ ስለ ተረጋገጠ ከውድድሩ ተሰርዘዋል» ትላለች። እኔን ያነደደኝ «ራስዎ ካቀረቡት» የምትለው ናት። ያቀረብሁት ማስረጃ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የመሪጌታ አካለ ወልድ ደብዳቤ ነው።

መሪጌታ የይጁቤ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ድልድዩ በሕዝብ መዋጮ ሲሠራም የደብሩ ሰዎች ሰብሳቢ እሳቸው ነበሩ። የሚስቴም የየብርጓል ታላቅ ወንድም ናቸው። ሚስቴ የምለው ከልማድ ነው እንጂ ትታኝ ወንድሟ ቤት ከገባች ስምንት ዓመት ሊሞላት ነበር። ለምን እንደ ሄደች እኔ ለመናገር አፌ አይደፍርም፤ ወደ ኋላ ሌላ ሰው ይናገረዋል።

ጨረታው የቀድሞ ሥራ ምስክር ስለ ጠየቀ፣ ሚያዝያ ሠላሳ ቀን መሪጌታ ለማርቆስ ንግሥ ሲመጡ ሽማግሌ ላክሁባቸው። እምቢ ይሉኛል ብዬ ነበር። ይምጣ አሉ። ቅጥር ግቢው ውስጥ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከስምንት ዓመት በኋላ ያየሁት ፊታቸው ነው፤ ከስቷል፣ ዓይናቸው ግን እንደ ድሮው ሰውን ይበሳል። ወረቀት ተቀብለውኝ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሳይሰርዙ ሳይደልዙ ጻፉ። ከዚያም ቀስ ብለው አነበቡልኝ። «ደምለው በጥቁር ውኃ ላይ የሠራው ድልድይ ፈረሰ ነዳያን ይኸው ስምንት ዓመቱ ነው ያየ ይመስክር» ይላል።

እኔ ፊደል ከመቁጠር በቀር የቅኔ ቤት ደጃፍ አልረገጥሁም። ቢሆንም «ፈረሰ ነዳያን» በግእዝ የድሆች ፈረስ ማለት መሆኑ አልጠፋኝም፤ መሪጌታም ሲያነቡት ረን አላልተው ነው ያነበቡት፣ «ፈረስ» ስንል እንደምትላላው። ድልድዬን የድሆች ፈረስ አሉልኝ ብዬ ደረቴ ተነፋ። ወረቀቱን ሲያቀብሉኝ እጃቸውን ቶሎ አለቀቁም። ገባህ አሉኝ። ገብቶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ አልሁ። ከገባህ ደግ ነው ብለው ወረቀቱን ለቀቁልኝ። ስለ የብርጓል አንድ ቃል ሳልጠይቅ፣ እንደምን ናት እንኳ ሳልል፣ ወረቀቴን አጥፌ ወጣሁ።

እንግዲህ ያች ወረቀት አዲስ አበባ ስትደርስ ወደ እንግሊዝኛ ልትገለበጥ ነው፤ ያበደረው ባንክ የላከው ፈረንጅ መሐንዲስ አይቶ ካልፈቀደ ምንም አይሆንምና። የገለበጣት ጸሐፊ ማን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ረን አጠበቃት። ነጠላ ሰረዝ የለ፣ አራት ነጥብ የለ፤ «የሠራው ድልድይ ፈረሰ» ብሎ አነበበና ነዳያንንም ከኋላ እንደ ተጨማሪ መከራ ጎተታቸው። ድልድዩ ፈረሰ፣ ሕዝቡ ደኸየ፣ ይኸው ስምንት ዓመቱ ነው። ፈረንጁ ይህን አንብቦ በስሜ ላይ ቀይ ቢያሰምር ምን ይፈረድበታል።

ከዚያ በኋላ የቀረውን ክረምት አላስታውሰው ብል ደስ ይለኛል። ለወትሮው ከመስከረም በፊት ቤቱን የሚያስጠግን፣ አጥሩን የሚያስክብ ሰው ደጄን ይመታ ነበር። ያን ዓመት ማንም አልመታም። ማንም አልሰደበኝም፤ እንዲያውም ሰላምታቸው በዛ፣ ለታመመ ሰው እንደሚሰጥ ዓይነት ሰላምታ። ቤቴ ሁለት ክፍል ነው፤ አንደኛውን ከዘጋሁት ቆይቻለሁ፣ በሁለተኛው እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ከግድግዳው ጋር አወራለሁ። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይላሉ። እኔ ስምንት ዓመት ብቻዬን በልቻለሁ፤ ያን ክረምት ግን መብላቱንም ተውሁት፣ ዝናቡን እያዳመጥሁ ቁጭ ማለት ብቻ ሆነ። ሲዘንብ ጥቁር ውኃ እንዴት እንደሚሞላ አውቃለሁ። ድልድዬም ከበላዩ እንደ ቆመ አውቃለሁ። ያንን ከእኔ ሌላ የሚያምን ያለ አልመስል አለኝ።

በመስከረም ከፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፈው አስማማው ዘንድ ሄድሁ። መንግሥትን መክሰስ እፈልጋለሁ ስለው ብዕሩን አስቀመጠ። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል አልሰማህም አለኝ። ንጉሡን አልከሰስሁም፣ አንዲት ፊደል ነው የምከስሰው አልሁት። ሳቀብኝ፤ ግን ጻፈልኝ፣ አሳምሮም ጻፈው። የስረዛው ውሳኔ እንዲሻር፣ ወደ ውድድሩም እንድመለስ ነው የጠየቅሁት። ካሣ አልጠየቅሁም። አስማማው ይህን ሲሰማ የአእምሮዬን ነገር ተጠራጠረ።

ከፍተኛው ፍርድ ቤት በማርቆስ ሲያስችል ጉዳዬን ሰማ። መሥሪያ ቤቱ ከአዲስ አበባ አንድ ነገረ ፈጅ ላከ፤ ጥቁር ቦርሳ የያዘ፣ ረጋ ያለ የጎንደር ሰው። መጀመሪያ ያነሣው ክርክር ፍርድ ቤቱ ሥልጣን የለውም የሚል ነው። ገንዘቡ የውጭ ባንክ ነው፣ ማን እንደሚመረጥ የሚወሰነው በብድሩ ውል ነው፣ የአገር ፍርድ ቤት ይህን ሊያይ አይችልም አለ። ዳኛው፣ ሽበት የጀመራቸው ዝምተኛ ሰው፣ እስኪጨርስ ጠበቁት። «ብድሩ የውጭ ነው፤ ወንዙ ግን የእኛ ነው» አሉና የሰረዘውም የኢትዮጵያ መሥሪያ ቤት ስለ ሆነ እናየዋለን ብለው አለፉት።

ቀጥለው አንድ የፍርድ ቤት መልእክተኛ ድልድዩን አይቶ እንዲመጣ አዘዙ። ሄዶ አየ፤ ቆሟል፣ ስንጥቅም የለበትም ብሎ ጻፈ። እኔ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ነገረ ፈጁ ግን ተነሥቶ፣ ድልድዩ ቢቆምም ኮሚቴው ወንዝ ለወንዝ ሊዞር አይችልም፣ ሊፈርድ የሚችለው በቀረበለት ወረቀት ነው፤ ወረቀቱ ፈረሰ ካለ ኮሚቴው አላጠፋም አለ። ይህም ሐሰት አይደለም። ስለዚህ ዳኛው የወረቀቱ ባለቤት ቀርበው ምን ለማለት እንደ ጻፉ በመሐላ ያስረዱ ብለው ለመጋቢት ቀጠሩ። ጠቅላላ ነገሬ በዚያች አንዲት ረ ላይ ተንጠለጠለ፤ ትጠብቅ እንደሆነ ስሜ ተቀበረ፣ ትላላ እንደሆነ ሰው እሆናለሁ።

በቀጠሮው መሪጌታ መቋሚያቸውን ይዘው ከይጁቤ መጡ። ችሎቱ ሞልቶ ነበር፤ የማርቆስ ሰው ሥራ ፈትቶ ቅኔ ሊሰማ መጥቷል። እጃቸውን በወንጌል ላይ አኑረው ማሉ። ዳኛው ወረቀቱን ሰጥተው አንብቡት አሏቸው። ያን ቀን ከዛፉ ሥር እንዳነበቡልኝ፣ ረን አላልተው አነበቡ።

«የድሆች ፈረስ ማለት ነው» አሉ። «ፈረስ የሌለው ሰው ክረምቱን በሱ ይሻገራልና።»

ችሎቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሲያጉረመርም ተሰማ፤ ቅኔ ሲገባው ያገራችን ሰው ዝም አይልም። እኔም በዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሼ ወደ ሆዴ ወረደ። ነገረ ፈጁ ግን ተነሣ። ሰውየው ቦርሳውን ከመያዙ በፊት ድጓ የተማረ ኖሯል።

«መሪጌታ፣ ረ ብትጠብቅስ?»

«ብትጠብቅ ፈረሰ ይሆናል» አሉ።

«ሲጽፉት ይህን ያውቁ ነበር?»

እኔ በልቤ ይዋሹልኝ ብዬ ለመንሁ። ይህን ሳልደብቅ እናገራለሁ፤ ወንጌል የነካ እጅ እንዲዋሽልኝ ለመንሁ።

«ዐውቅ ነበር» አሉ። «ሳላውቀው ቃል አልጽፍም።»

«ታዲያ ፈረሰ ያሉት ምን ነው?»

ያን ጊዜ ዞረው እኔን አዩ። «ድልድዩ አይደለም፤ ድልድዩ ቆሟል። የፈረሰው ቤቱ ነው። የእኅቴ ቤት።»

ዳኛው አላስቆሟቸውም፤ አሳጥረው ያስረዱ ብቻ አሏቸው። መሪጌታም ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ እንደ ዜና መዋዕል ተናገሩት። በ1955 ዓ.ም. ሰኔ ላይ፣ ማርቆስ ቤታችን ውስጥ፣ የአራት ዓመቷ ልጄ ሸጊቱ ኩፍኝ ወጣባት። እናቷ የብርጓል ወደ ወንዙ ሰው ላከችብኝ። የግማሽ ቀን መንገድ ነው። መልእክተኛው ሲደርስ የቅስቱ ሁለት ድንጋዮች ይቀሩ ነበር፤ ሰማዩ ጠቁሯል። ደራሽ ጎርፍ ከመጣ ቅስቱን የተሸከመው እንጨት ይሄዳል፣ ከነእሱም የሦስት ዓመት ሥራ። ነገ እመጣለሁ በላት ብዬ መለስሁት። በማግሥቱ ሌላ ሰው መጣ፤ እሱንም ነገ ብዬ መለስሁት። በሦስተኛው ቀን በመጨረሻው ድንጋይ ቅስቱ ተቆልፎ፣ እጄ በኖራ እንደ ተለወሰ ማርቆስ ስገባ ሸጊቱ ተቀብራ አድራ ነበር። ፍትሐቷን ያደረሱት መሪጌታ ናቸው። አፈር የመለሰው የጎረቤት ሰው ነው። የብርጓል አልጮኸችብኝም፤ ኀዘኑ ሲያልፍ ጓዟን ሸክፋ ከወንድሟ ጋር ሄደች።

ይህን ሁሉ ማርቆስ እያወቀ ኖሯል። በአደባባይ ሲነገር ግን ሌላ ነው። ዳኛው ለምስክሩ ጥያቄ እንዳለኝ ጠየቁኝ። የለኝም አልሁ።

ፍርዱ የተነበበው በዚያው ሳምንት ነው። ዳኛው ሲያነቡ እንዲህ አሉ፤ ይህ ችሎት የተጠየቀው ስለ ድልድዩ ነው፣ ስለ ሌላው አልተጠየቀም፤ ቃሉ ሁለት ፍቺ እንዳለው ከታወቀ ኮሚቴው ከመሰረዙ በፊት ሰውየውን ጠርቶ ምንድር ነው ሊለው ይገባ ነበር፤ ሰው ሳይጠየቅ አይፈረድበትም። ስረዛው ተሻረ። ወደ ውድድሩ ይመለስ ተባለ። አስማማው ከኋላዬ ሆኖ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ፤ ከበሩ ላይም ሰዎች እንኳን ደስ ያለህ አሉኝ። አንደኛው በላቸው ነበር።

መሪጌታ ፍርዱን ሊሰሙ ማርቆስ ቆይተው ነበር። ከግቢው ሳይወጡ ደረስሁባቸውና ቆም አሉልኝ። ስለ መሰከሩልኝ ላመሰግናቸው ነበር የሄድሁት፤ አፌን ስከፍት ግን የወጣው ሌላ ነው። ለምን እንዲያ አድርገው ጻፉት አልኋቸው። ለመሥሪያ ቤት በሚሄድ ወረቀት ላይ ለምን።

«ለመሥሪያ ቤት አልጻፍሁትም» አሉኝ። «ላንተ ነው የጻፍሁት። ገባህ ብዬ ጠየቅሁህ። ገብቶኛል አልኸኝ።»

ያ ስሙን የማላውቀው ጸሐፊ፣ ከነሐሴ ወዲህ የረገምሁት፣ ከእኔ አሻሽሎ አንብቦት ኖሯል። ቢያንስ አንድ ነገር መፍረሱ ገብቶታል። ወርቁ የተጻፈልኝ እኔ ግን ፈረሱን ብቻ ይዤ ደረቴን ነፍቼ ሄድሁ።

የብርጓል እንደምን ናት አልሁ። ስምንት ዓመት ያልጠየቅኋት ጥያቄ ናት። ዘንድሮ በጥር ገዳም ገብታ ቆብ ጭናለች አሉኝ፤ ፍትሐቱም ተፈትቶላት ለዓለም ሞታለች፣ ስሟም ወለተ ሐዋርያት ሆኗል፣ ከእንግዲህ የብርጓል ብሎ የሚጠራት የለም። እስካለፈው ዓመት ድረስ እምቢ ስትል ነበር፤ ትንሽ ልቆይ ትል ነበር።

«ከደጃችን ሆነው ሲያዩ መንገዱ ይታያል» አሉኝ። «ከማርቆስ ስንቱ ሰው በድልድይህ መጣ። አንተ አንድ ቀን አልተሻገርህም።»

እውነት ነው። ከቆለፍሁት ቀን ወዲህ ያን ድልድይ አልረገጥሁትም። ሰው ሲጠይቀኝ ሥራ በዛብኝ እል ነበር። ሥራ አልነበረም፣ ዕፍረት ነው። ፊቷን ማየት ፈራሁ፤ ትሰድበኛለች ብዬ ሳይሆን አትሰድበኝም ብዬ። ይህን ለመሪጌታ ልነግራቸው አሰብሁና ተውሁት፤ ለማን ይጠቅማል። ጉልበታቸውን ስሜ ተለያየን። ባርከውኛል፤ በክፉ አልሸኙኝም።

ጨረታው እንደገና ታይቶ የደምበጫው ድልድይ ለእኔ ወጣ። ግንቦት ላይ ውሉን ልፈርም ማርቆስ ወዳለው የመንገዱ ቅርንጫፍ ሄድሁ። ፍሥሐ የሚባል ትሑት ጸሐፊ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። ባንኩ የላከው ፎርም በእንግሊዝኛና በአማርኛ የታተመ ነው፤ ስሜን፣ የትውልድ ቦታዬን፣ ዕድሜዬን ሞላሁ፤ የድንጋይ ሥራ ሠላሳ ዓመት ብዬ ጻፍሁ። ወደ ታች ስወርድ «በሥራ ላይ አደጋ ቢደርስ የሚጠራ የቅርብ ሰው» የሚል መጣ፤ ከጎኑም «ዝምድና» ይላል።

ብዕሩን ይዤ ቆየሁ። እናትና አባቴ ከሞቱ ቆይተዋል። ወንድምም እኅትም የለኝም። የብርጓል ብዬ ልጽፍ አሰብሁ፤ እንዲያ የምትባል ሰው በዓለም ላይ የለችም። ወለተ ሐዋርያት ብዬ ብጽፍ ደግሞ ዝምድና በሚለው ላይ ምን እላለሁ። መሪጌታን አሰብሁ፤ እሳቸውም የእኔ የሆኑት በእሷ በኩል ነበር። ቦታዋን ዘልዬ ወረቀቱን መለስሁለት።

ፍሥሐ ከላይ እስከ ታች ተመለከተና ጣቱን እዚያች ባዶ ቦታ ላይ አሳረፈ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ክፍት ቦታ ያለበትን ፎርም ፈረንጆቹ አይቀበሉም፣ ውድቅ ያደርጉታል፣ እንደገና መመላለስ ይሆንብዎታል አለኝ። ከዚያ ፊቴን አየና ዓይኑን ወደ ጠረጴዛው መለሰ። በችሎቱ ቀን ከኋላ ቆሞ እንዳየሁት ያን ጊዜ ትዝ አለኝ።

«የሚጽፉት ሰው ከሌለ ‹የለም› ብለው ይጻፉ» አለኝ። «ያ ይበቃቸዋል።»

ብዕሩን ነክሬ «የለም» ብዬ ጻፍሁ። ጽሕፈቴ ከሌላው መስመር ሁሉ ያማረ ነው የወጣው። ፍሥሐ ተቀብሎ አነበበና ዝምድና ከሚለው ፊት ለፊት ሰረዝ አስምሮ ማኅተሙን መታበት። ወረቀቱ ተሟልቷል አለኝ፤ ሥራው መስከረም ሲጠባ እንደሚጀመርም ነገረኝ።